ይህ ሙከራ ነው፤ ምንም አታድርጉ

እሱን ብትጠይቁት፣ አብሬሽ ልኑር ብሎ ለምኗት አሻፈረኝ ብላዋለች። እሷን ብትጠይቋት ደግሞ የልቡን አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም። ሁለቱም አይዋሹም። ሁለቱም አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ሲብሰለሰሉ ኖረዋል።

ነገሩ የተጀመረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሰርቨሮቹ ክፍል ጎን ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ረዳት አስገብቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ «ዘበኛው» ይሉታል። ሥራው ሰርቨሮቹን፣ ማለትም የደንበኞችን መረጃ የሚይዙትን ትልልቅ ኮምፒውተሮች፣ መጠበቅና አንዱ ሲታመም ለሚመለከተው ሰው በስልክ መልእክት መላክ ነው። ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት፣ መልእክቱ ይደርስ እንደሆነ ሲሞከር፣ «ሰርቨሩ ወድቋል» የሚል ዜና ለስምንት መቶ ደንበኞች ተበተነ። አንድም የወደቀ ነገር አልነበረም፤ የኃላፊው ደም ግፊት ግን ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ ኃላፊው ሕግ አወጡ። የሙከራ መልእክት ወደ አንድ ስልክ ብቻ ይሄዳል። ከላዩ ዘበኛው ራሱ «ይህ ሙከራ ነው፤ ምንም አታድርጉ» የሚል መስመር ይለጥፍበታል፤ ማንም ሊነቅለው አይችልም። ተቀባዩም አንዲት ቃል ብቻ ይመልሳል፦ «ደርሷል»።

ሞካሪው እሱ ሆነ። አንድን ነገር ሦስቴ ሳያይ ስለማያልፍ ባልደረቦቹ «ቀስበቀስ» ይሉታል። ስልኳን ለሙከራው የሰጠችው ደግሞ ፊት ለፊቱ የምትቀመጠው የሰርቨር ባለሙያ ናት። ስልኳ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ስለሚውል «ደወል» የሚል ስም ወጣላት።

«የሙከራ መልእክት ቁጥር አንድ።»

«ደርሷል።»

ወሩ ሲጋመስ ቁጥር መጻፍ ሰለቸው። «መስኮቱ ላይ ያለው አበባ ዛሬ ውሃ አላገኘም» ብሎ ላከ። «ደርሷል» አለችና ተነሥታ አጠጣችው። ስትመለስ ቀና ብላ አላየችውም፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች እንጂ።

«ቢጫው ሹራብሽ ክፍሉን ያሞቀዋል።»

«ደርሷል።»

በማግስቱ ቢጫውን ለብሳ መጣች። በማግስቱም፣ በማግስቱም። ያኔ የሰርቨሮቹ ክፍል አሮጌ ማቀዝቀዣ ማጉረምረም እንኳ ዜማ ይመስለው ነበር።

ከዚያ እናቷ ታመሙ። ታላቅ እህቷ ከሩቅ ደውላ «እኔ ልጆች አሉኝ። አንቺን ምን ያዘሽ?» አለቻት። ደወል ስልኩን ዘግታ ወደ እሱ አየች። ዓይኗን ቶሎ አልነቀለችም። እሱም አያት፣ የሚለውንም ያውቅ ነበር፤ ግን እንደ ልማዱ ሦስቴ ሊያስብበት ፈለገ።

እናቷን ልታስታምም የሄደች ቀን አውቶቡሷ ሊነሣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ እጁ የለመደው መንገድ ያው አንድ ነውና፣ በዘበኛው በኩል ጻፈ፦ «እዚያው መጥቼ አብሬሽ ልኑር?»

«ደርሷል።»

ሌላ ቃል ይከተል ይሆናል ብሎ ጠበቀ። አንድ ሰዓት፣ አንድ ሳምንት። በመጨረሻም እንቢታ ነው ብሎ ዋጠው።

ዘንድሮ ደወል ለሦስት ቀን ሥራ መጣች። እናቷ ባሉበት ከተማ በተከፈተው ቅርንጫፍ ነው የምትሠራው። አሮጌው ዘበኛ በአዲስ ሊተካ ስለሆነ የመልእክቶቹን መዝገብ ማየት ነበረባት። ኃላፊው «እዚያ ያላችሁ ሞካሪ አጥታችሁ ተቸግራችኋል አሉ» እያሉ ሲያዝኑላት ሰንብተዋል።

በሦስተኛው ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው መዝገቡን ሲያዩ ያቺ መስመር ብቅ አለች።

«ይኸው፣ እንቢ ያልሽኝ ቀን» አለ ቀስበቀስ ሊቀልድ ፈልጎ።

ወንበሯን አዞረች። «አንተ ሰውዬ! መቼ ጠየቅኸኝና ነው እንቢ የምልህ?»

«ተጽፎ የለ እንዴ?»

«እስኪ ከላይ ጀምረህ አንብበው።»

«የላዩማ የዘበኛው ነው…»

«አንብበው አልኩህ።»

«ይህ ሙከራ ነው፤ ምንም አታድርጉ» ብሎ አነበበ። ያንን መስመር ሺህ ጊዜ አይቶታል። በእሷ ዓይን ያየው ግን ገና አሁን ነው።

«የላዩን ልመን የታችኛውን?» አለች ዝግ ብላ። «ደውሎ በአፉ ይለኛል ብዬ፣ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ያንን ሁሉ መንገድ ሄድኩ።»

«አንቺስ ለምን አልደወልሽም?»

«ሙከራ ነበር ብትለኝስ?»

ማቀዝቀዣው አጉረመረመ። መስኮቱ ላይ ያለው አበባ ቅርንጫፉ መስተዋቱን ነክቷል፤ አራት ዓመት ሙሉ ያጠጣው እሱ ነው።

«እማማ ዛሬም ‹ያ ቢጫ የሚወደው ልጅ› እያለች ታነሣሃለች» አለች።

«አሁንስ… ከእማማ ሌላ የሚያነሣኝ አለ?»

ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ አሳየችው። ከውስጥ የቢጫው ሹራብ እጅጌ ታየ። እሱም ልማድ ሆኖበት እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ። ቀልጠፍ ብላ መዳፏን ቁልፎቹ ላይ አኖረች።

«በዚህ አይሆንም።»

ቀስበቀስ ተነሣ። ኃላፊው ፋይል ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ለቅርንጫፉ ሞካሪ መፈለግዎን ይተዉት።»

«ምነው፣ አንተ ልትሄድ ነው?» አሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። «ሦስቴ አስበህበታል?»

ቢሮው በሙሉ እስኪሰማው ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰላቸው፦

«አራት ዓመት አስቤበታለሁ። በወሩ መጨረሻ ወደ እሷ ከተማ እሄዳለሁ፣ አብሬያት ልኖር!»