ወደ ግራ የዞረው ቋጠሮ

መካኒኩ መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ፊት የቆመው ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ሆኖ ነው። ሐይቁ ዳር ካለው የካምፕ ሜዳ ሁሉ መርጦ፣ መርጦ ድንኳኑን የተከለው የጎርፍ መውረጃ ላይ ነበር። ዝናቡ ሲወርድ የረጠበ ብርድ ልብሱን አቅፎ ወደ ጎረቤት ድንኳን ሮጠ። እዚያ ልብስ ሰፊዋ ከነቤተሰቧ ሸራ ስር ተሰብስባ ሻይ ትጠጣለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልጠለል?» አላቸው አባቷን።

«ግባ ልጄ! ሐይቁ እኮ እዚያ ነው፤ አንተ ተሸክመኸው መጣህ!»

ቤተሰቡ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ሳቀች፤ ግን ተነስታ የራሷን ፎጣ ሰጠችው።

«ትመልሳለህ ታዲያ!»

«ካልመለስኩስ?»

«አባባ የካስማ መዶሻ አለው!»

ፎጣውን ለመመለስ ልብስ ስፌት ቤቷ መጣ። ከዚያ ያልተቀደደ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ፤ ከዚያ ያለምንም ምክንያት መጣ። ምን ልበላችሁ... ልጅት በፍቅሩ ክንፍ አለች።

የእነሱ ቤት ካምፕ መውጣት ቀልድ አይደለም። ገና ሲደርሱ አባባ የሁሉንም ስልክ ይሰበስቡና ባዶ ድስት ውስጥ ከተው ይከድኑታል። እማማ እሳቱ ላይ ይሾማሉ፣ የወንድሟ ልጆች እንጨት ይለቅማሉ፤ ድንኳን መትከል የልብስ ሰፊዋና የታናሽ እህቷ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ደስታ ተወርቶ አያልቅም። ፍም ውስጥ የተቀበረ ድንች፣ በካርታ ጨዋታ መኮራረፍ፣ ዝናብ ሸራውን ሲደበድብ ብርድ ልብስ መሻማት፣ ጠዋት ደግሞ «ማን ነው ያንኮራፋው?» እየተባለ አባባን ማሽሟጠጥ።

አባባ የጭነት መኪና ሾፌር በነበሩበት ዘመን ራሳቸው የፈጠሩት አንድ ቋጠሮ አላቸው። መጨረሻው ላይ ትንሽ የገመድ ጆሮ ይወጣዋል፤ እሱን ሳብ ሲያደርጉት ሁሉም ይፈታል። ያስተማሩት ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስትቋጥረው ጆሮው ወደ ቀኝ ይወጣል። ታናሿ፣ አባባ «ጫጩት» የሚሏት፣ ግራኝ ስለሆነች የእሷ ወደ ግራ ይወጣል። ልብስ ሰፊዋ መካኒኩን ደጋግማ ልታስተምረው ሞክራ ነበር።

«ተይኝ የኔ ቆንጆ፣ የኔ እጅ ሞተር እንጂ ገመድ አያውቅም» ይላል እየሳቀ።

ሰርጋቸው ሲቃረብ ደንበኞቿን ከሸኘች በኋላ እያመሸች ለሁለታቸው የሚሆን ድንኳን ሰፋች። አረንጓዴ ሸራ፣ በውስጡ የፋኖስ ማንጠልጠያ፣ ከራስጌው ሁለት ኪስ፤ አንዱ የሱ፣ አንዱ የሷ።

«ከጋራዡ ልጆች ጋር ወጥቼ ልሞክረው?» አላት አንድ ቀን።

«ውሰደው፤ ያንተም አይደል እንዴ!»

ወሰደው፣ መለሰው። ሳትፈታው አስቀመጠችው። ሰው የሚያምነውን ሰው ዕቃ አይፈትሽም።

ከሰርጉ በፊት መላ ቤተሰቡ ከነመካኒኩ ሐይቁ ዳር ወጣ። ልብስ ሰፊዋ አዲሱን ድንኳን ከቦርሳው ስታወጣ እጇ ባለበት ቀረ። ድንኳኑ በአባባ ቋጠሮ ታስሯል። ጆሮው ወደ ግራ ነው።

 ግን ሰው የሚወደውን ለመጠርጠር አይቸኩልም። ጫጩት መንገድ ላይ አግኝታው ረድታው ይሆናል፣ አለች ለራሷ። ለእህቷ የሚሆን ውሸት እንኳን ራሷ አዘጋጅታ ነው የጠየቀቻት።

«ጫጩቴ፣ ይሄን አንቺ ነሽ እንዴ ያሰርሽው?»

«እኔ?» የጫጩት ፊት ቲማቲም መሰለ። «እኔ ይሄን ድንኳን ዛሬ ገና ማየቴ ነው እትዬ!»

አንድ «አዎ» ብትላት ኖሮ ታምናት ነበር። ገመዱን ይዛ መካኒኩ ወደተቀመጠበት ወደ እሳቱ ሄደች።

«ማን ነው ያሰረልህ?»

«እኔ ነኛ!» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «የማታ ማታ ተማርኩልሽ!»

«ጎበዝ። እስቲ እሰረው።»

ገመዱን ጭኑ ላይ ጣለችለት። እሱም አነሳው፤ ጠመዘዘ፣ ፈታ፣ እንደገና ጠመዘዘ። እማማ ድንቹን ማገላበጥ ተዉ። አባባ የልጁን እጅ አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ጫጩትን አዩ። ጫጩት መሬት መሬቱን ታያለች።

«በቃ ልጄ» አሉ አባባ፤ ድምፃቸው ሰለለ። «ገመዱን አስቀምጠውና ተነስ።»

«ስሚኝ... አንድ ጊዜ ብቻ ነው! እኔ የምወደው አንቺን ነው!»

«የሰፋሁት ድንኳን ውስጥ?» አለች። «የኔን ኪስ ለሷ ሰጥተህ?»

መካኒኩ ስልኩን ከአባባ ድስት አውጥቶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ወደ መንገዱ ወጣ። ዞራም አላየችው።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ውሃው ዳር ስትሄድ ጫጩት እያለቀሰች ተከተለቻት።

«እትዬ... ግደይኝ...»

«አልገድልሽም። ግን ንገሪኝ፣ ስታስሪው ምን ታስቢ ነበር?»

«ምንም! እጄ ነው... እጄ ለምዶት...»

«እሱን እረሳዋለሁ፤ ከጎርፍ የመጣ ነው፣ በጎርፍ ሄደ። አንቺን ግን እንዴት አድርጌ ልርሳ? የእናቴ ልጅ ነሽ እኮ!»

ልብስ ሰፊዋ ያኔ አለቀሰች። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ሆዷ ባዶ እስኪሆን አለቀሰች። ስትመለስ አባባ ካስማ መንቀል ጀምረዋል።

«ቤታችን እንግባ ልጄ።»

«ተው አባባ። ልጆቹ ገና ውሃ አልነኩም።»

መዶሻውን ተቀብላ አረንጓዴውን ድንኳን ብቻዋን ተከለች፤ የወንድሟን ልጆች ጠርታ ከጎኗ አስተኛቻቸው። ሁለቱን ኪስ በጠጠርና በብስኩት ሞሉላት። ጫጩት በበነጋው ጠዋት ሄደች።

ሰርጉ ቀረ። መካኒኩ ወደ ጫጩት ሊዞር ሞክሮ ነበር አሉ፤ በሩን ዘጋችበት። ሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ቀረ።

በዓመቱ ቤተሰቡ ሊወጣ ሲል እማማ ፈራ ተባ እያሉ «እህትሽ ትምጣ?» ብለው ጠየቋት። የያዘችውን ስፌት እስከ ጫፉ ሰፋች። «ትምጣ» አለች።

ጫጩት መጣች። ከስታለች፤ ከልጆቹ እኩል እንጨት ለቀመች፣ ማንንም ቀና ብላ አላየችም። የመመለሻው ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ አረንጓዴውን ድንኳን ስትጠቀልል፣ ጫጩት ከጎኗ ተንበርክካ እጇን ወደ ገመዱ ዘረጋች።

«ላግዝሽ እትዬ?»

«ተይው። ይሄንን እኔ አስረዋለሁ።»

የጫጩት እጅ ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊዋ ገመዱን ጠምጥማ፣ ጆሮውን ወደ ቀኝ አውጥታ አጠበቀችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣

«ሻይ አፍዪ» አለቻት።

ጫጩት እየሮጠች ሄዳ አፈላች። በሁለት እጇ ይዛ አመጣችላት። ልብስ ሰፊዋ ተቀብላ፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።