ጭቃ ያልነካው ጨርቅ

ሽማግሌው በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ሞተው ተገኙ። እስከ አገጫቸው ብርድ ልብስ ለብሰዋል፤ ብርድ ልብሱ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ተዝረክርኳል። መርማሪዋ ልጣጩን ትኩር ብላ አየችው። ሃያ ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራለች፤ ከሬሳ ጎን ቁጭ ብሎ ብርቱካን የሚልጥ ሰው ግን ገና አልለመደችም።

ጉዞው የቅርስ ጉብኝት ነበር። ጠዋት ግንቡን፣ ረፋድ ላይ ሙዚየም የሆነውን አሮጌ መኖሪያ ቤት፣ ከሰዓት ፏፏቴውን አይተው፣ መጨረሻ ላይ እዚህ የዋሻ ሥዕሎቹ ጋ ደረሱ። ከሟቹ ሌላ ተሳፋሪዎቹ ልጃቸውና ባሏ ብቻ ናቸው። ሾፌሩ እጁ በካቴና ታስሮ ከፖሊሱ ጎን ቆሟል።

«አባዬ ፏፏቴው ጋ አብሮን ወርዷል» አለች ልጅየዋ። «ጭቃውን ረግጦ እስከ ታች ሄደ። እዚህ ስንደርስ ደከመኝ አለ፤ ከሾፌሩ ጋር ትተነው ገባን።»

«ጠዋት ቀስ ብለህ ንዳ ብለው ተቆጥተውታል» አለ ባሏ። «ቂም ይዞ ነው።»

«ኧረ በፈጣሪ!» ሾፌሩ ጮኸ። «ፏፏቴው ጋ መቼ ወረዱ? ተኝተዋል፣ እንዳትቀሰቅሳቸው ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም? ኢንስፔክተር፣ አምስት ልጆች አሉኝ! እሳቸው እኮ ጠዋት መንገዱን ሙሉ፣ ቤቴን ሙዚየም አደርገዋለሁ እያሉ ሲጫወቱ ነበር። እነዚህ ናቸው የከፋቸው።»

መርማሪዋ ብርድ ልብሱን ከእግር በኩል ገለጠችው። የሽማግሌው ጫማ በግራጫ የጨርቅ ሽፋን ተጠቅልሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሙዚየሙ ነው» አለ ሾፌሩ። «ጣውላው እንዳይጫር በር ላይ ያስጠልቃሉ፤ ሲወጡ ይመለሳል።»

የሁሉንም ጫማ አየች። ከዚያ ባልየው የተቀመጠበት ወንበር ላይ ያለውን የጉዞ ትራስ አንስታ በብርሃን አገላበጠችው። ወደ ሙዚየሙም ስልክ ደወለች።

ትንሽ ቆይታ ሁሉንም ትኬት መቁረጫው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የሦስታችሁም ጫማ በፏፏቴው ቀይ ጭቃ ተለውሷል። የሟቹ ጨርቅ ግን የወለል ሰም እንጂ ቅንጣት ጭቃ የለበትም። ስለዚህ ከሙዚየሙ ወዲህ መሬት አልረገጡም፤ ሾፌሩ እውነቱን ነው። የሙዚየሙ ኃላፊ እንዳሉት፣ ጉልበታቸውን ሲያማቸው አማቻቸው ጨርቁን ሳያስወልቅ አዝሎ አወጣቸው። ሾፌሩስ ያኔ የት ነበር?»

«ውሃ አምጣ ብለው ልከውኝ ነበር» አለ ሾፌሩ።

«አዎ። ትራሱ ላይ የደረቀ ምራቅና ነጭ የፂም ፀጉር አለ። ያኔ በዚህ ትራስ አፍናችሁ ገደላችኋቸው፤ ከዚያ ሬሳውን ይዛችሁ ፏፏቴ ጎበኛችሁ፣ ብርቱካን በላችሁ!» ወደ ባልየው ዞረች። «እርስዎ» ማለት ቀፈፋት። «አንተ ደግሞ ያንኑ ትራስ ተንተርሰህ መጣህ። የራስህ ፀጉርም ተጣብቆበታል። ቱ!»

ልጅየዋ ፊቷ ተለዋወጠ። «ነገ ሊፈርም ነበር! ያደግንበትን ቤት ለባዳ! ምን እናድርግ?»

«ነገ?» አለች መርማሪዋ። «የቤቱን የስጦታ ደብዳቤ ፈርመው ነው የመጡት። ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ጨርቁን እንዳጠለቁ፣ ለሙዚየሙ ኃላፊ በእጃቸው ሰጥተዋቸዋል። እንዲህ ያለ ሽፋን የት እንደሚሰፋም ጠይቀዋል፤ ለቤታቸው ስልሳ ጥንድ ሊያዙ።»

ባልየው ሚስቱን አየ፤ ሚስትየዋ ፊቷን አዞረች። ፖሊሱ ካቴናውን ከሾፌሩ እጅ ፈታ። ሾፌሩ አንጓውን እያሻሸ ወጣና፣ የሽማግሌውን ብርድ ልብስ ከልጣጩ ያጸዳ ጀመር።