ወደ ግንቡ የዞረው በረንዳ

ይሄ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። "የጓደኛዬ ጓደኛ ነገረችኝ" የሚባለው ዓይነት ወሬ አይደለም።

ማመን ያልፈለገ ከአሁኑ ይለፈው... እኔ ሰው ለማሳመን ጉልበት የለኝም። የነበረኝን ጉልበት አክስቴን ስጎትት ጨርሼዋለሁ።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። ፀሐይዋ ቁልጭ ብላለች። ያለነው ረጅም ቦይ ላይ በምትጓዝ የሽርሽር መርከብ ውስጥ፣ በረንዳ ባለው ክፍል ነው።

ክፍሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ምን ይጠበስ?

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የዚያችን መርከብ መጋረጃ በሙሉ የሰፋችው እሷ ናት። እኔ ደግሞ ትምህርቱ እንቢ ሲለኝ ከጎኗ ተቀምጬ መርፌ ላይ ክር አስገባላታለሁ። የመርከቧ ድርጅት በሥራዋ ስለተደሰተ ለሁለታችን ነጻ ጉዞ ሰጠን።

ሁለታችን ስል ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እናቴ በሕመም ከሞተች ወዲህ እኔ ለእሷ፣ እሷ ለእኔ... በቃ። አክስቴን ካጣሁ ማንም የለኝም።

ትኬት ቢሮ ያለችው ልጅ የመርከቧን ፕላን ዘርግታ ምረጡ አለችን። አክስቴ መሃል ላይ ያለውን፣ መስኮት እንኳ የሌለውን ክፍል በጣቷ ጠቆመች። ለመተኛት መስኮት ምን ያደርጋል ብላ።

እኔ በገንኩ። በነጻ ሲሰጡን ቁም ሳጥን ውስጥ ልንተኛ ነው ወይ አልኳት። ልጅቷ ሳቀች። አክስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ... ግን ባለበረንዳው ክፍል ተያዘ።

ያልነገሩን ነገር ነበር።

ቦዩ ቁልቁለት አለው። መርከቧ መውረድ ሲኖርባት፣ ፊትና ኋላው በር የሆነ ጥልቅ የግንብ ገንዳ ውስጥ ትገባለች። በሮቹ ይዘጋሉ። ውሃው ይቀነሳል። መርከቧም እንደ አሳንሰር ቀስ እያለች ትወርዳለች።

እስክትወርድ ድረስ ከበረንዳ የሚታየው...

ግድግዳ ነው።

እጅ ቢዘረጉ የሚነካ፣ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር የለበሰ ግድግዳ።

ሰው ግድግዳ ለማየት በረንዳ ይመርጣል? ንድድ አልኩ። አክስቴ ደግሞ ግንብ ውስጥ በገባን ቁጥር፣ ነይ እንጂ በረንዳሽን እዪ እያለች ታበግነኛለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ሻርፗ ላይ ሻይ ፈሰሰ።

ሻርፑ የእናቴ ነበር። ሰማያዊ ነው። ጫፉ ሲተረተር አክስቴ የሚመሳሰል ክር ስላጣች በቢጫ ጠቅማዋለች። ከእናቴ የቀረን እሱ ብቻ ነው።

አጥባ በረንዳው ብረት ላይ አሰጣችው። አስተናጋጁ ግንብ ውስጥ ስንገባ ውጭ ምንም ነገር እንዳናንጠለጥል ነግሮን ነበር። አክስቴ ግን ነፋስ ያላገኘ ልብስ ይሸታል ባይ ናት። ማን ይችላታል?

ግንብ ገባን። ከግንብ ወጣን።

ሻርፑ የለም።

አልጋ ሥር ሳይቀር ፈለግን። አስተናጋጁ ነፋስ ወስዶት ይሆናል አለ። የምን ነፋስ? እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የፀጉሬ ጫፍ እንኳ አልተነቃነቀም። አክስቴ ጥፋቱን እኔና በረንዳዬ ላይ ለጠፈችና አኮረፈች። ምሳ እንኳ በወጉ አልበላንም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ግንብ ውስጥ ገባን። ከመጀመሪያው ብዙ ርቀናል።

መውረድ ጀመርን። ውሃው ሲቀንስ ግድግዳው ላይ የተተከለ የብረት መሰላል ብቅ አለ።

መሰላሉ ላይ... ሻርፑ።

ቢጫው ክር ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ቦታው ገና አሁን ከውሃ መውጣቱ ነው። ግድግዳው ሁሉ ያንጠባጥባል። ሻርፑ ግን ደረቅ ነበር። ለሦስት ታጥፎ ብረቱ ላይ ተደርጓል... አክስቴና እናቴ ልብስ እንደሚያጥፉት።

አክስቴ ቀስ ብላ ተነሳች።

"እህቴ ናት" አለች በሹክሹክታ።

"ምን?"

"እያቀበለችኝ ነው።"

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው።

እኛ ስንወርድ ግድግዳው ወደ ላይ ይሄዳል አይደል? መሰላሉም ይሄዳል። ሻርፑ ግን አይሄድም።

ከእኛ እኩል ይወርዳል።

አንድ እርከን... ቆም... ደግሞ አንድ እርከን...

የያዘው ሰው የለም።

አክስቴ ወንበር ላይ ወጥታ በሆዷ ብረቱ ላይ ተደፋች። በመርከቧና በግንቡ መካከል ያለው ክፍተት ሰው ያስገባል... አያስወጣም። ሮጬ ወገቧን ያዝኩ። አክስቴ ደግሞ ቀላል ሴት አይደለችም፤ እኔን የምትጠራኝ ቁንጫ እያለች ነው። አስቡት።

"ልቀቂኝ ቁንጫ።"

"አልለቅም።"

"ልትሄድብኝ ነው።"

"ትሂዳ።"

ጣቷ የሻርፑን ጫፍ ያዘ።

ወዲያው ክንዷ እንደ ገመድ ተወጠረ። ከወዲያ በኩል ማንም የለም... ግን ይጎትታል። እግሯ ከወንበሩ ተነሳ። ጫማዋ ወልቆ እግሬ ላይ ወደቀ።

ያኔ ንዴት ይሁን ፍርሃት አላውቅም፣ እንባዬ መጣ። ለግድግዳው ነው የተናገርኩት።

"እናቴ ብትሆኚ እኔን ነበር የምትጠሪው። ልጅሽ እኔ ነኝ።"

ሻርፑ ቀጥ አለ።

መጎተቱ ቆመ፤ ሻርፑም ከአክስቴ ጣቶች አመለጠ። እኔና አክስቴ ወደ ኋላ ተንከባለልን። ቀና ስል ሻርፑ እንደ ማንኛውም ጨርቅ ከመሰላሉ ጋር ወደ ላይ እየራቀ ነበር።

አክስቴ አላናገረችኝም። አለቀሰች።

እኔ በቀጥታ አስተናጋጁ ጋ ሄጄ መስኮት የሌለውን ክፍል ስጡን አልኩት። ሰው በረንዳ ስጠኝ ብሎ ይለምነኛል፣ አንቺ ደግሞ ትሸሺዋለሽ ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም ቁልፉን ሰጠኝ። የበረንዳውን በር ቆልፌ፣ የሁለታችንንም ሻንጣ ተሸክሜ፣ አክስቴን እየመራሁ ሄድን።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቁልፉም ከእጄ አልወጣም።

አክስቴ ከኋላዬ ወደ ውስጥ አጮልቃ፣ "ይኸው ቁም ሳጥንሽ" አለች። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ደስ አለኝ። ተረፍን አልኩ በሆዴ።

መብራቱን አበራሁ።

ሁለት አልጋ። አራት ደረቅ ግድግዳ። አክስቴ በር አጠገብ መተኛት ስለማትወድ የበሩ ጥግ ሁልጊዜ የእኔ ነው።

የእሷ አልጋ ላይ ምንም የለም።

የእኔ ትራስ ላይ... ሻርፑ።

ለሦስት ታጥፎ። ቢጫው ክር ወደ እኔ ዞሮ።

አክስቴ ሳታየው ቶሎ አነሳሁት። ውሃው በክንዴ ላይ ኩልል ብሎ ወረደ።

ሻርፑ ግን ይሞቅ ነበር...

አሁን ከሰው አንገት ላይ እንደ ወለቀ።