ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት ስጋጃ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ጥረት፣ ዲላ ገበያ ዳር የስፌት ማሽኔ ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ ነው፣ ጥንቆላ የሰነፍ ሰው ሰበብ ነው እያልኩም ልጆቼን እቆጣ ነበር፣ ዛሬም እቆጣለሁ፣ ይህን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት።

በደርግ ጊዜ አንድ ሠዓሊ መምህር ግቢያችን ተከራይቶ ይኖር ነበር። ተዛውሮ ሲሄድ ከሥዕሉ አስገልብጦ በእጅ ያሠራውን የሱፍ ስጋጃ ለማስታወሻ ሰጠን። ኮረብታው ቀይ፣ ሰማዩ አረንጓዴ፣ ሽቅብ የሚወጡት ሰዎች ወይን ጠጅ፣ መካከላቸው አንድ ቢጫ ልጅ፣ የሁሉም ዓይን የፈጠጠ። ባለቤቴ በለጡ «ሰውዬው ይኼን ሲሥል ምን ጠጥቶ ነው?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ዕቃ አክባሪ ነኝ፣ ቀለሙን ፀሐይና አቧራ እንዳይበላው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቀልኩት፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ እገለብጠዋለሁ። አትሳቁ፣ እናንተስ ጥሩውን ብርጭቆ ለማን ነው የቆለፋችሁበት?

ያን ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይመለመል ነበር። ልጄ ዮናስ ዕድሜው ደርሷል። በለጡ ይርጋጨፌ ወንድሟ ዘንድ ይደበቅ ብላ ለመነችኝ፣ እምቢ አልኩ። «የሰው ልጅ ሲሄድ የእኔ የሚቀረው በምን ሕግ ነው?» አልኳት። ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን ያልኩት እንደዚያ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አስከትሎ ዮናስን ሊወስድ መጣ። ዮናስ ውስጠኛው ክፍል ተኝቷል፣ መውጫው እኛ በተቀመጥንበት በኩል ብቻ ነው፣ መስኮቱ ብረት አለው። ልጠራው አፌን ስከፍት ከስጋጃው ኋላ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ልክ ሸማኔ ማጉን ሲያጠብቅ እንደሚሰማው። አይጥ ነው አልኩ፣ እንግዳም ስለመጣ ተነስቼ ገለበጥኩት።

ቢጫው ልጅ የለም። ቦታው ቀይ ኮረብታ ሆኗል። እመኑኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የተጠገነ ጨርቅ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቃለሁ፣ ደጋግሜ ዳበስኩት፣ የተቆረጠም የተሰፋም ክር አልነበረበትም።

«ጋሼ፣ ልጁን እንጂ ስጋጃውን አልጠየቅንም» አለ ሊቀመንበሩ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸሁ። «ይርጋጨፌ ሄዷል» አልኩ።

ጥበቃው አላመነኝም፣ ወደ ክፍሉ ገባ። አለቀልኝ እያልኩ ተከተልኩት። አልጋው ላይ ማንም የለም። አጎንብሶ ሥሩን አየ፣ ምንም። ብርድ ልብሱን ስነካው ይሞቃል።

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «እርስዎ ዋሽተው አያውቁም ብዬ ነው የምሄደው» አለኝና ወጡ።

በለጡ ላይ አፈጠጥኩባት። «የት ደበቅሽው?»

«አንተ ደብቀኸው ነው እንጂ፣ እኔ ከመቀመጫዬ መቼ ተነሳሁ?»

እንዲህ ተጠራጥረን እንደቆምን ዮናስ ዓይኑን እያሻሸ ከዚያው ክፍል ወጣ። «አባባ፣ ምንድነው ጫጫታው? እንቅልፍ ነሳችሁኝ እኮ» አለ።

በማግስቱ እኔው ራሴ ይርጋጨፌ አደረስኩት፣ ያ ምልመላም አለፈው። ሲመለስ ሊያግዘኝ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠና መቀሱን በግራ እጁ አነሳ። ልጄ በቀኙ ነበር የሚሠራው። «ከመቼ ወዲህ?» ስለው፣ «ድሮም ግራኝ አይደለሁ እንዴ አባባ?» ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ የዮናስ ሳቅ ነው።

ስጋጃውን ሊቀመንበሩ በመጣ ዕለት፣ ዮናስ ከክፍሉ ሳይወጣ፣ መልሼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ፣ እንግዳ ቢመጣም አልነካውም። ቢጫው ልጅ ተመልሶ እንደሆነ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካልተመለሰስ፣ ከዚያ ክፍል የወጣው ማን ነው? እኔ ልጄን በገዛ አፌ ላስረክብ የተዘጋጀሁ አባት ነኝና ይህን ለመጠየቅ መብት አለኝ አልልም። በለጡንም ጠይቄያት አላውቅም። እሷ ግን የሻይ ብርጭቆውን ሁልጊዜ በግራው በኩል ነው የምታስቀምጥለት።