ሞጣ ላይ የተቋረጠው ማሲንቆ

ካለፈው ፋሲካ ወዲህ የቢቸናው የኪነት ቡድን በቀጥታ መጫወት አቁሟል። ማሲንቆው፣ ከበሮው፣ የዘፋኞቹም ድምፅ ሳይቀር ተቀድቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ መድረክ ላይ የሚወጡት ከንፈራቸውን ሊያንቀሳቅሱና ደጋኑን ጭራው ላይ ሳያሳርፉ ሊያመላልሱ ብቻ ሆነ። ተመልካቹ አላወቀም። በኅዳር ወር፣ ቡድኑ ለዝግጅት ሞጣ በሄደበት ቅዳሜ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ አካለ ወልድ በአዳራሹ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው የቡድኑ ወጣት ዘፋኝ እስከዳር ነበረች።

ጮኸሻል ያሏት ሌሎቹ ናቸው፤ እሷ መጮኋን አታስታውስም። የምታስታውሰው ከእጇ ያመለጠውን የዝንጅብል ሻይ፣ የልብስ ማስቀመጫው የብረት ሣጥን ጠርዝ ላይ ያረፈውን የሽማግሌውን ራስ፣ እግራቸው ሥር የወደቀውን ማሲንቆ ነው። ከዚያ ወንደሰን ከኋላዋ ሮጦ ደረሰ፣ በትከሻው ገፋ አድርጓት ገባ፣ «ማንም እንዳይጠጋ!» ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ መስኮቱ ሥር ተንበረከከ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጫጫታ ነው።

አሁን የአዳራሹ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«አይዞሽ» አላት አጠገቧ የተቀመጠው ወንደሰን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠበቃ እኔ አቆምልሻለሁ። እስከዚያው አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ። የምትናገሪውን ሁሉ መልሰው ባንቺው ላይ ነው የሚያዞሩት።»

ወንደሰን የቡድኑ መሪና የመድረክ አስተዋዋቂ ነው። ቀድሞ መምህር ነበር፤ ከዚያ የሬዲዮ ድራማ ተጫወተ፤ አንድ ጊዜም የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ታይቶ፣ ደራሲው በሦስተኛው ክፍል በመኪና አደጋ ስለ ገደለው ወደ ቢቸና ተመልሷል። ጉዞ ላይ ሁልጊዜ ጭብጥ የምታህለውን ክብ ድምፅ ማጉያውን በስልኩ አገናኝቶ፣ የመግቢያ ንግግሩን በሙዚቃ እያጀበ ይለማመዳል። ሲያረጋጋም እንደዚያው ነው፤ የተጠና ይመስላል።

እስከዳር ግን አልተረጋጋችም። በልቧ ደጋግማ አስባዋለች። መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተር ፍለጋ ከወጣው የድምፅ ተቆጣጣሪ በቀር ሁሉም መድረኩ ላይ ቁጭ ብለው ሳሉ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ማሲንቆ ይሰማ ነበር። ማሲንቆው ተቋረጠ። ወደዚያ ክፍል የሄደችው እሷ ብቻ ናት። ይህን ያየ ዳኛ ምን ይላል? እናቷ ቢቸና ሆና ይህን ስትሰማስ? እየቆየች ስትሄድ ራሷን ልትጠራጠር ደረሰች።

ኢንስፔክተር ጸደንያ ወደ ትኬት መሸጫዋ ጠባብ ክፍል ጠራቻት። ወደ ሞጣ ተዛውራ ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ አጠር ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ስትጠይቅ ፊት አታይም፤ የሰውየውን እጅ ነው የምታየው።

«ጉሮሮሽን አሞሻል?»

እስከዳር እንዲህ ተብላ እጠየቃለሁ ብላ አልጠበቀችም። «ከቢቸና ስንመጣ የመኪናው መስኮት አልዘጋ ብሎ ብርድ መታኝ።»

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ዘፋኝ ያደረጉኝ ጋሼ ናቸው። የአክስቴ ሠርግ ላይ ሳዜም ሰምተው ‘ይቺን ልጅ ለእኔ ስጡኝ’ ብለው እናቴን ለመኗት።»

«ዛሬስ ምን አሉሽ?»

የወንደሰን ምክር ትዝ አላት። ስለ ጠዋቱ መናገር ግን የሚጎዳት አልመሰላትም።

«እዚህ እንደ ደረስን ‘እስቲ አዚሚ’ አሉኝ። ድምፄ አልወጣ አለ። ያን ጊዜ መቃኛውን አዙረው ጭራውን አላልተው ዝቅ አደረጉት። ‘ዛሬ እኔ ወደ አንቺ እወርዳለሁ’ አሉኝ። ድምፄ ልክ እስኪመጣ ድረስ ደጋግመው ቃኙት።»

«ኮምፒውተራችሁን አይቻለሁ፤ ዝግጅታችሁ በተቀዳ ድምፅ አይደለም እንዴ? ጭራው ቢወርድ ባይወርድ ምን ለውጥ አለው?»

ምስጢሩ ታውቋል። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ከመናገር ይልቅ አስፈራት። «ዛሬ በእጄ ነው የምጫወተው ብለው ነበር። ‘መጀመሪያ ለሞጣ ሰው እውነቱን ተናግሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ’ አሉ። መኪና ውስጥ ሁላችንም ሰምተናል። እትዬ ሙሉዬ አለቀሱ። ጋሽ ወንደሰን ሳቀ።»

«ከዚያ መብራት ጠፋ። ማሲንቆውም ይሰማ ጀመር» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አዎ። ትዝታ ነበር። አብሬ ላንጎራጉር ሞክሬ አልደረስኩበትም።»

ኢንስፔክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከእስከዳር እጅ አንሥታ ፊቷን አየች። «አልደረስሽበትም?»

«ከፍ ያለ ነበር።» እስከዳር ዜማውን በልቧ መልሳ ሰማችው። «ከዚያ ተቋረጠ። እንዲያው ቁርጥ አለ። ጋሼ እንደዚያ አያቋርጡም፤ ዜማውን ቤቱ ሳያደርሱ ደጋን አያነሡም። ሁላችንም ተያየን። ጋሽ ወንደሰን ‘እስቲ ዝንጅብሉን ውሰጂላቸው’ አለኝ።»

«እዚሁ ቆዪ» አለቻት ኢንስፔክተሯ፤ በሩንም ከውጭ ዘጋችው።

ተዘጋባት። የትኬት መሸጫዋ ትንሽ መስኮት ግን ክፍት ነበረች፤ ኢንስፔክተሯም ሌሎቹን የጠየቀችው ከመስኮቷ ፊት ለፊት ቆማ ነው። እስከዳር ግድግዳው ላይ ተለጥፋ አዳመጠች።

መጀመሪያ የመጣችው ሙሉዬ ናት። በወጣትነቷ የወረዳው ኪነት ድምፃዊት፣ ቀጥሎ የባሕር ዳር ሆቴሎች ዘፋኝ፣ አሁን ደግሞ የቢቸናው ቡድን አንጋፋ።

«በሟቹ ተቀይመው ነበር ይባላል።»

«ጠዋት? አዎን፣ ተቀይሜያለሁ» አለች ሙሉዬ ሳታመነታ። «ድምፄ ከሄደ ቆየ፣ ልጄ። ፋሲካ ላይ የተቀዳውንም ሐምዱ ከአሮጌ ቅጂ እየለቃቀመ ነው የሰፋልኝ። በቀጥታ ከተጫወትን እኔ አበቃልኝ። ግን አካለን ልገድለው ብፈልግ ኖሮ ያኔ ባሕር ዳር፣ ዘፈኔ መሐል ማሲንቆውን ታቅፎ ያንኮራፋ ጊዜ እገድለው ነበር።» ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

ሐምዱ ተከተለ። የሞጣ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሠርግ ይቀርፃል፣ ኪቦርድ ይጫወታል፣ የቡድኑንም ድምፅ ይቆጣጠራል።

«እኔ አልነበርኩም። መብራት እንደ ጠፋ ጄኔሬተር ፍለጋ ወጣሁ። ባለቤቱ ‘ትወስዳለህ አትወስድም?’ ብሎ ሲያጣድፈኝ ለወንደሰን ደወልኩ። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ደግሜ ብደውል ስልኩ ጠፍቷል። ተናድጄ ባዶ እጄን ስመለስ እዚህ ዋይታ ነው።»

በመጨረሻ ወንደሰን መጣ። «እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ፤ ሁሉም አይቶኛል» አለ። በዚያው በተጠና ድምፁም ቀጠለ፦ «ልጅቷን ለመክሰስ አይደለም። እንደ እህቴ ናት። ነገር ግን እውነቱን ከጠየቁኝ፣ ማሲንቆው ከቆመ በኋላ ወደዚያ ክፍል ከእሷ በቀር የገባ የለም።»

እስከዳር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጠበቃ አቆምልሻለሁ ያላት ሰው ነው።

ኢንስፔክተሯ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሄዳ ብዙ ቆየች። ስትመለስ መብራት መጥቶ ነበር። የትኬት መሸጫዋን በር ከፈተችና «ነይ፣ ትዘፍኛለሽ» አለቻት።

ሁሉም መድረኩ ላይ ተሰበሰቡ። አንድ ፖሊስ ማሲንቆውን በጓንት ይዞ፣ ሕፃን የተሸከመ ይመስል ቀስ ብሎ መጣ።

«መቃኛውን ማንም እንዳይነካ» አለች ኢንስፔክተር ጸደንያ። «ሐምዱ፣ ጓንት አድርግና ደጋኑን ብቻ አሳርፍበት። አንቺ ጠዋት ያዜምሽውን አዚሚ።»

ጭራው ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ሰጠ። እስከዳር ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። የሻከረው ድምፅዋ ያለ ጭንቅ ገጠመበት። ጠዋት ጋሼ «እኔ ወደ አንቺ እወርዳለሁ» ያሉበት ቦታ ነው። እንባዋ ፈሰሰ፤ ኢንስፔክተሯ ግን እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው።

«አሁን ደግሞ ፋሲካ ላይ የቀዳኸውን፣ ማሲንቆውን ብቻ አሰማን።»

ከሐምዱ ኮምፒውተር ያው ትዝታ ወጣ፤ ነገር ግን የጠራ፣ ከፍ ያለ። እስከዳር ልትከተለው ሞክራ ጉሮሮዋ ተዘጋ።

«መብራት ጠፍቶ ሳለ ከክፍሉ የሰማችሁት የትኛውን ነው?»

«ይህኛውን» አለች ሙሉዬ ወዲያው። «ወይኔ አካለ! ይህኛውን ነው።»

«ማን ያስታውሳል?» አለ ወንደሰን።

«ጭራው ይናገራል» አለች ኢንስፔክተሯ። «አካለ ወልድ እየተጫወቱ ሳለ ተገድለው ቢሆን ኖሮ፣ ጭራው በተሰማው ልክ ተወጥሮ ይገኝ ነበር። የሞተ ሰው መቃኛ አያዞርም። ገዳይም፣ ሰው ከመድረኩ እየመጣ፣ ጭራ አላልቶ ለታመመች ዘፋኝ ጉሮሮ አያስተካክልም። መውደቁ አላልቶት ቢሆንም እንዲህ በልኳ አይገጥምም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ጠዋት ለእስከዳር ከቃኙ በኋላ ማሲንቆውን አልነኩትም። እናንተ ስታዳምጡ ሞተው ነበር። የሰማችሁት ቅጂውን ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ፣ ድምፁ ከቆመ በኋላ ማን ገባ የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው፣ ድምፁን ማን አጫወተው የሚለው ነው።»

እስከዳርን በራሷ ላይ የነበራት ጥርጣሬ ለቀቃት። በእሱ ፋንታ ሌላ ፍርሃት መጣ፤ አብረዋት መድረኩ ላይ ካሉት ከሦስቱ አንዱ ነው።

«ቅጂው ያለው ሐምዱ ጋ ነው» አለ ወንደሰን በፍጥነት።

«ኮምፒውተሩ በመብራት ነው የሚሠራው፤ መብራት ደግሞ አልነበረም። በባትሪ የሚሠራ ነገር ያስፈልጋል። ወይዘሮ ሙሉዬ፣ ማሲንቆው ቁርጥ ሲል ከአጠገብዎ ማን ምን ያደርግ ነበር?»

ሙሉዬ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። «ወንደሰን … ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አጠፋው።»

«እኔም አይቻለሁ» አለች እስከዳር። ድምፅዋ ከሹክሹክታ አላለፈም፤ ግን ሁሉም ሰማት።

«ሐምዱ ስለ ጄኔሬተሩ ደወለ» አለች ኢንስፔክተሯ። «በስልክ የሚታዘዝ ድምፅ ማጉያ፣ ስልኩ ሲጠራ ሙዚቃውን ያቋርጣል። ዜማው ቤቱ ያልደረሰው በዚህ ነው። አቶ ወንደሰን ስልካቸውን ባያጠፉት ኖሮ፣ ጥሪው ሲያበቃ ማሲንቆው ከቆመበት ይቀጥል ነበር፤ ሐምዱ ደግሞ ሲደውል እንደ ገና ይቆም ነበር። የልብስ መቀየሪያው መስኮት ደፍ አቧራ የለበሰ ነው፤ አቧራው መሐል ክብ ንጹሕ ቦታ አለ። አሁን ቦርሳዎን ይክፈቱ።»

«ስልክ ማጥፋት ወንጀል ነው?»

«ቦርሳዎን ይክፈቱ።»

አልከፈተም። ፖሊሱ ከፈተው። ጭብጥ የምታህለው ክብ ድምፅ ማጉያ ከጋቢው እጥፋት ውስጥ ወጣች፤ ታችዋ አቧራ ነበረው። እስከዳር ያን ጊዜ፣ መስኮቱ ሥር የተንበረከከው ሰው ጋቢውን ለምን እንደ ሰበሰበ ገባት።

ወንደሰን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተጠና። «ለክልሉ ውድድር ተመርጠን ነበር። በዚያው በተቀዳው። ዛሬ መድረክ ላይ ወጥቶ ካወራው ሁሉም ያልቃል። ለመንኩት። ‘ልጄ፣ አፈርኩ’ አለኝ። ገፋሁት እንጂ … ገፋሁት ብቻ ነው።»

«ያን ጊዜውኑ ጮኸው ሰው ጠርተው ቢሆን ኖሮ ይህን አምንዎት ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «እርስዎ ግን ማሲንቆ አጫወቱ። ቀጥሎም ይህችን ልጅ ዝንጅብል አስይዘው ላኳት።»

ወንደሰን ወደ እስከዳር ዞረ። አንድ ነገር ሊል ፈለገ፤ እሷ ግን ወደ ሙሉዬ ተጠግታ ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ይዘውት ሲወጡ የጫማው ድምፅ በባዶው አዳራሽ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

ፖሊሱ ማሲንቆውን በላስቲክ መጠቅለል ጀመረ። «ለጊዜው እኛ ጋ ይቆያል» አለች ኢንስፔክተር ጸደንያ፤ «ለፍርድ ቤት ማስረጃ ነው።»

ሐምዱ የኮምፒውተሩን ገመዶች እየነቀለ፣ ቀና ሳይል ጠየቀ። «ቢቸና ላይ የያዝነው ዝግጅትስ? ሰዉ ተነግሮታል። ሰረዝን ልበል?»

ሙሉዬ እስከዳርን አየቻት።

«ቀብራቸው ይለፍ» አለች እስከዳር። «ከዚያ ቢቸና ላይ በቀጥታ እንጫወታለን። ከመጀመራችን በፊት ይቅርታውን እኔ እጠይቃለሁ።»