ደርሷል

ጠዋት ሙሉ ቁጭ ማለት አቃተኝ። የጠረግሁትን የፍራፍሬ መደብር መልሼ ጠረግሁት። አባቴ ሐጂ ሙጠሊብ፣ «አንቺ ሂንድ፣ ጉንዳን ላይ ቆመሻል እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ሙሰዲቅ የፍሬ መመርመሪያ መሣሪያውን ዛሬ ሊያሳየው ይመጣል። ከሠራለት አባቴ ይቀጥረዋል፤ ካልሠራለት ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

መጀመሪያ ያየሁት ከጂቡቲ ከተማ ዳር፣ የጭነት መኪኖች የሚያርፉበት ፔካ 12 ላይ ነው፤ ከድሬዳዋ የመጣልንን ማንጎ ልረከብ ሄጄ። መዳፍ የምታክል መሣሪያ ፍሬው ላይ ደግኖ ቆሟል።

«ምን አደረገህና ታስፈራራዋለህ?» አልኩት።

ሳቀ። «ብርሃን ታበራበትና ተመልሶ ከሚመጣው ብርሃን ውስጡን ታውቃለች፤ ሳይቆረጥ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ግን መጀመሪያ የሚያስተምራት ሰው ትፈልጋለች።»

ሥራ ፈት እኔን አገኘች! ከዚያ ወዲህ እኔ ፍሬውን እየዳበስኩ እናገራለሁ፣ እሱ ስልኩ ላይ ይመዘግባል። «ጥሬ» ስል ይጽፋል። «በስሏል» ስል ይጽፋል። «ደርሷል» ስል ግን ፈገግ ብሎ ሳይጽፍ ያልፋል። እኔን እያየ እጁ የፈዘዘ መስሎኝ ደስ አለኝ። ወላሂ፣ ወድጄዋለሁ።

ዛሬ ካርቲየ 6 ሰፈር ያለው መደብራችን ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ርሷል። አባቴ አንድ ማንጎ አቀበለው። መሣሪያዋ ብልጭ አለች።

«የበሰለ ነው ሐጂ። አንደኛ ደረጃ!»

አባቴ በቢላ ሰነጠቀው። ውስጡ ጠቁሯል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«አንደኛው ይሄ ነው?»

ሙሰዲቅ ወደ እኔ ዞረ። «ሂንድ፣ እንዲህ ያለውን በስሏል አላልሽኝም?»

«ብያለሁ! መኪና ላይ ፀሐይ የቀቀለውን እኛ ፍሬ ነጋዴዎቹ በስሏል ነው የምንለው! ለመብል የሆነውንማ ደርሷል እያልኩህ!»

«እኔ ደግሞ ጂቡቲ ደርሷል ያልሽኝ መስሎኝ!»

ወይኔ! ልስቅ ወይስ ላልቅስ?

«ይቅርታ ሐጂ» አለ ሙሰዲቅ አንገቱን ደፍቶ። «እንደገና እስካስተምራት ጊዜ ይፈጃል። ነገ እሄዳለሁ።»

አባቴ ቢላውን እየጠረገ እኔን ሲያይ ቆየ። ከዚያ፣ «ልጁስ? እሱም በስሏል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዝም ካልኩ ይሄዳል።

«ጥሬ ነው አባባ» አልኩ። ሙሰዲቅ ደነገጠ። «ግን ፀሐይ ላይ አትመልሰው። እዚህ ጥላው ሥር ይሁን። እኔ እጠብቀዋለሁ።»

የእሱን ፊት ለማየት ድፍረት አጣሁ።

«አንተ» አለው አባቴ በመጨረሻ፣ «ሽማግሌ የሚሆን ዘመድ የለህም እንዴ?»

ሙሰዲቅ በቃል መታለል ሰልችቶት ነው መሰለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ይሄስ በእናንተ ቋንቋ ምን ማለት ነው?»

«ደርሷል ማለት ነው» አልኩት።