የሐሙስ ግማሽ ኪኒን

መርማሪዋ ሐሙስ ጠዋት ስትደርስ፣ ሰውየው የሞተበት የመራመጃ ማሽን ቆሟል፤ ጠቡ ግን አልቆመም።

የልብ ሕሙማን እንቅስቃሴ የሚሠሩበት ክፍል ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። አራት ማሽኖች መስታወት ፊት ተደርድረዋል። የሟቹ ታናሽ ወንድም በሦስተኛው ማሽን አጠገብ ቆሞ ጣቱን አሠልጣኟ ላይ ቀስሯል።

«ገዳይዋ ይችው! የልብ ደም ሥሩ የጠበበን ሰው እንደ ፈረስ ታስሮጣለች። እስር ቤት ሳትገባ አልተኛም!»

አሠልጣኟ ትናንት ከሰዓት ከሥራ መታገዷን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሷታል፤ ክስም ይከተላል ተብላለች። መርማሪዋ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት የልብ ምቱን ለክተሻል?»

«ሁሌም ተቀምጠው ነው የምለካቸው» አለችና ካርዱን ሰጠቻት።

ለሁለት ወር ያህል ከስልሳ እስከ ስልሳ አራት ይላል። ሰኞ ስልሳ አራት። ማክሰኞ ሰባ ዘጠኝ። ረቡዕ፣ የሞተበት ዕለት፣ ዘጠና አንድ።

«ዘጠና አንድ እያየሽ ለምን አወጣሽው?»

«ሐኪም ሳያይዎት አይወጡም አልኳቸው። ‹የተቀጠርሽው ልታራምጂኝ ነው ወይስ ልታሟርቺብኝ?› ብለው ራሳቸው ወጡ። ፍጥነቱን ቀነስኩባቸው።» ድምፅዋ ወረደ። «ማጥፋት ነበረብኝ።»

«ነበረብሽ» አለች መርማሪዋ። አላጽናናቻትም። ማሽኑ የመዘገበውን ፍጥነት ግን አየች፤ እውነትም ተቀንሷል።

ወንድሙ እየዛተ ሲወጣ፣ አራተኛው ማሽን ላይ የሚራመደው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ሳይጠየቅ ገባበት። «የሞተ ሰው አይታማም ይላሉ፤ እኔ ግን አማዋለሁ። ጉረኛ ነበር! እኔ በቀን ሰባት ኪኒን ስውጥ፣ እሱ ‹ልቤ ስለጠነከረ ሐኪሙ ኪኒኔን በግማሽ ቀነሰልኝ› እያለ ያበግነኝ ነበር። የፊታችን ሰኞ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሊመለስም ነበር። ‹መጀመሪያ የማባርረው ወንድሜን ነው፤ ታምሜ ስተኛ ወንበሬን ወረሰ› ይል ነበር።»

በመድኃኒት ቤቱ ውስጥ ባለሙያው ወንድሙ ነው፤ ባለቤቱ ግን ሟቹ።

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሚስቲቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ምን ቀረሽ? ሬሳውንም ወስዳችኋል።»

«የሚወስደውን ኪኒን ልይ፣ እትዬ።»

ሚስቲቱ እየተነጫነጨች ከጓዳ መደርደሪያ ብልቃጡን አመጣች። «በየቀኑ ጠዋት አንድ» ይላል ጽሑፉ። ውስጡ ሃያ ሰባት ፍሬ አለ።

«መቼ መጣ?»

«እሁድ ወንድሙ ሠላሳ ፍሬ ይዞለት መጣ፤ የቀድሞውን ከሆስፒታሉ ነበር የምንገዛው። በሁለት ወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ሰኞ ጠዋት ጀመርንለት። ትናንት ደግሞ መርዶውን ነግሮኝ ሳያበቃ ውሃ ጠማኝ ብሎ ጓዳ ገባ።»

መደርደሪያው ጥግ ላይ ትንሽ ሰሃን በሲኒ ተከድናለች። መርማሪዋ ገለጠቻት። በቢላ የተቆረጠች ግማሽ ኪኒን።

«ትናንት ጠዋት የቆረጥኩት የዛሬው ድርሻው ነው» አለች ሚስቲቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣዋ ከዳት። «ልጥለው እጄ እንቢ አለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ምድር ቤት ተሰበሰቡ። ወንድሙ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ሟቹን ማሽኑ አልገደለውም» አለች መርማሪዋ። «ምቱ የጨመረው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ስለዚህ ችግሩን ይዞት የመጣው ከቤቱ ነው። ይወስደው የነበረው የልብ ምት የሚያረጋጋ ኪኒን ነው፤ በድንገት ሲቋረጥ ምቱ ይሻቅባል፤ ደም ሥሩ የጠበበ ልብ ደግሞ ሊቆም ይችላል።»

«ብልቃጡ ውስጥ ያለው ትክክለኛው መድኃኒት ነው! ቁጠሪው፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት ፍሬ!» አለ ወንድሙ።

«ቆጠርኩት። ችግሩም እሱ ነው።» መርማሪዋ ወደ አሠልጣኟ ዞረች። «ኪኒኑ ለምን ተቀነሰ?»

«እንቅስቃሴው ልባቸውን አጠነከረው። ምታቸው በጣም ዝቅ ብሎ ራሳቸውን ሲያዞራቸው፣ ሐኪሙ ያለውን ኪኒን እየቆረጡ ግማሹን ይውሰዱ አላቸው።»

«ሰኞ ግማሽ፣ ማክሰኞ ግማሽ፣ ረቡዕ ግማሽ። ከዛሬዋ ግማሽ ጋር ከብልቃጡ የወጣው ሁለት ፍሬ ብቻ ነው፤ ሃያ ስምንት መቅረት ነበረበት። ሃያ ሰባት የተወው፣ ሟቹ በቀን አንድ ሙሉ ይውጣል ብሎ ያሰበ ሰው ነው። ሚስቱ ቆራጯ ራሳቸው ናቸው፤ አይሳሳቱም። አሠልጣኟም ጓዳው የት እንደሆነ አታውቅም። አንተ ግን እሁድ ሐሰተኛውን ሰጠህ፤ ትናንት በእውነተኛው ለወጥከው።»

«ማስረጃሽን አምጪ!»

መርማሪዋ ግማሿን ኪኒን በላስቲክ ከረጢት አንጠልጥላ አሳየችው። «የሆስፒታሉ ፋርማሲስት አይቷታል። ቫይታሚን ናት። ብልቃጡን ስትለውጥ፣ ለዛሬ የተቆረጠች ግማሽ መኖሯን አላወቅክም።»

ሚስቲቱ ወደ ወንድሙ ቀረበች።

«በሁለት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከወንድምህ ጋር ቁርስ ቀምሰህ ቢሆን፣ ስቆርጥለት ታየኝ ነበር» አለችው።

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሾፌሩ ጫማውን አጥብቆ አራተኛው ማሽን ላይ ወጣና አስነሳው። አሠልጣኟ ተከትላ የእጁን አንጓ ያዘች፤ ዓይኗን የግድግዳው ሰዓት ላይ ተክላ ቆጠረች።

«መቶ አራት። ይውረዱ።»

«ተናድጄ ነው እንጂ! አንቺ ደግሞ ማን ነሽና...»

አሠልጣኟ ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለችው።